የአቶ ዳምጤ ኩርፊያ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ ገበያ ጉዳዬን ጨርሼ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሸዋንዳኝ እባላለሁ፤ አርባ ምንጭ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁም አራት ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ አንድ መጥፎ ልማድ አለበት፤ ተማሪ ሲያጣ መንገደኛውን ሁሉ ማረም ይጀምራል። እኔም ረዳቱን «ሰውን እንደ ሙዝ ካርቶን አትደራርበው» እያልኩ ስቆጣ፣ ከኋላዬ ወንበር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው አየሁ። ሦስቱም በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል።

በጋሞ ምድር እርጥብ ሳር የያዘ ሽማግሌ ለምን መጣህ ተብሎ አይጠየቅም፤ የመጣው ለእርቅ ነው። እኔን የገረመኝ ከመካከላቸው አንዱ ለረዳቱ የነገሩት የሚሄዱበት ቤት ነበር። የአቶ ዳምጤ ቤት ነው።

አቶ ዳምጤ ጎረቤቴ ናቸው። ገረሴ በምትባል የደጋ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የናፍጣ ወፍጮ ሲያስፈጩ ኖረው፣ ወፍጮውን ለዘመድ ትተው ሴቻ ልጃቸው ልክነሽ ዘንድ ከገቡ አምስተኛ ዓመታቸው ነው። ከሰው ጋር የሚጣሉ ዓይነት ሰው አይደሉም። ስለዚህ ዞር ብዬ «አቶ ዳምጤ ጎረቤቴ ናቸው፤ ከማን ተጣልተው ነው?» አልኩ።

«ከእኛ ጋር ነው መሰለኝ» አሉኝ ሸምገል ያሉት። ስማቸው አቶ ኤርጫፎ መሆኑን በኋላ ነገሩኝ።

«ምን አድርጋችኋቸው ነው?»

«እሱን ልንጠይቀው ነው የመጣነው። እኔና ዳምጤ አብረን ነው ያደግነው። ወፍጮውን ሲያስመጣ ድንጋዩን ከመኪና ላይ ያወረድነው እኔና ወንድሜ ካሱ ነን። አሁን ግን ገረሴ ሲመጣ ገበያ ላይ እንጠራዋለን፣ አይዞርም። ዱቡሻ ላይ ምርቃት ሲወርድ ሁሉ ሲቀበል እሱ ዝም ይላል።» ዱቡሻ ማለት ሽማግሌዎች የሚመክሩበትና ዳኝነት የሚሰጡበት አደባባይ ነው፤ አቶ ዳምጤ እዚያ የተከበረ መቀመጫ አላቸው። አቶ ኤርጫፎ ሳሩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይኼን ሁሉ ቻልኩ፣ ጌታዬ። ካሱ የሞተ ጊዜ ግን ከገበያው ዳር ወስጄ መርዶውን ራሴ ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ ‹ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው› አለኝና ስቆ ሄደ። ለቅሶም አልመጣ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አቂሞ ነው። ቂም ደግሞ ሳይነገር ከቆየ ጎሜ ይሆናል።»

ጎሜ የሚሉት ደንብ ሲጣስ የሚመጣውን ጣጣ ነው። በሰውም በከብትም በእህልም ላይ ሊወርድ ይችላል ብለው ይፈሩታል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። አቶ ዳምጤ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ሁልጊዜ መውረጃቸውን አልፈው መጨረሻው ድረስ ይሄዱና በእግራቸው ይመለሳሉ። ስጠይቃቸው «ለስፖርት ነው» ይሉኛል። እኔም ባዮሎጂ የተማርኩ ሰው ሆኜ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን አምኜ ኖሬአለሁ።

እንግዶቹን ይዤ ገባሁ። ከግቢው ጀርባ የብረት በር የሚሠራ ሰው አለ፤ መቁረጫው ይጮኻል። ሽማግሌዎቹ ሳሩን ይዘው ከአቶ ዳምጤ ፊት ተንበረከኩ። እሳቸውም ሳሩን ሲያዩ ደንግጠው ተነሡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ «ይቅር ብያለሁ፤ ተነሡ፤ ይቅር ብያለሁ» አሉ።

አቶ ኤርጫፎ አልተነሡም። «ምን በድለንህ ነው ይቅር ያልከን?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ፣ አዎ፣ ይቅር ብያለሁ።»

«በደልህን ንገረን እንጂ፣ ዳምጤ። ያልተነገረ በደል እንዴት ይታረቃል?»

አቶ ዳምጤ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቁም እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ተነሡና ጠላ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

እስከ መንገድ ስሸኛቸው ለአቶ ኤርጫፎ የጠረጠርኩትን ነገርኳቸው። «የሚሰሙ አይመስለኝም» አልኩ።

«የማይሰማ ሰው ራሱን አይነቀንቅም» አሉኝ። «የማይሰማ ሰው አይስቅም። እንደዚያም ከሆነ ራሱ በአፉ ይናገር። ከሁለት ወር በኋላ ትልቁ ዱቡሻ አለ። እዚያ መጥቶ የልቡን ካልተናገረ መቀመጫው ለሌላ ይሰጣል። እኔም ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረግጥም።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የስድሳ ዓመት ጓደኝነት እንዲህ ሊያልቅ ነው ብዬ እኔም አዘንኩ።

ስመለስ ልክነሽን በር ላይ አገኘኋት። የካሱን መሞት ሰምታ ኖሯል። «አባቴ መርዶው ተነግሮት ለቅሶ ሳይሄድ የቀረ ጊዜ አኩርፏል ብዬ አፌን ዘጋሁ፣ ቲቸር። ስሙን ካነሣሁበት ይቆጣል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ገረሴ ያለውም ሴቻ ያለውም ሰው አንዲት የሌለች ኩርፊያ እያከበረ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሰኞ ብረት ሠራተኛው ሳይነሣ በማለዳ ሄጄ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«አቶ ዳምጤ፣ ቅዳሜ አቶ ኤርጫፎ ምን አሉዎት?»

«ይቅርታ ጠየቁኝ።»

«ስለ ምን?»

«ሽማግሌ ሳር ይዞ ከመጣ ይቅር ይባላል እንጂ ስለ ምን አይባልም።»

«እሳቸው ግን ምን በደልንህ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁዎት። አልሰሟቸውም።»

«ያ ብረት ሠራተኛ እየጮኸ እንዴት ልስማ?»

«ሚኒባስ ውስጥስ ብረት ሠራተኛ አለ?»

እሳቸውም ረጋ ባለ ድምፅ «እኔ ደንቆሮ አይደለሁም፣ ቲቸር» አሉኝ። «ድምፁን የቀነሰው የዘንድሮ ሰው ነው። ሁሉም ስልኩ ላይ አጎንብሶ ያጉተመትማል። የልጅ ልጆቼማ ሲያወሩ አፋቸውን እንኳ በደንብ አይከፍቱም። አሁን እርስዎን እየሰማሁ አይደለም?»

«እየሰሙኝ ያለው አፍንጫዎ ሥር ተቀምጬ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ስለምጮህ ነው። ልክነሽ መስኮት ከፍታ ማን ነው የሚጮኸው ብላ አይታናለች።»

«እሺ፣ ይሁን። ሰባ ዓመቴ ነው። ጉልበት ይደክማል፣ ዓይን ይደክማል፣ ጆሮም ይደክማል። ምን ይደረግ?»

«ዓይንዎ ሲደክም መነጽር አደረጉ። ይኸው አፍንጫዎ ላይ ነው።»

«መነጽርማ የተማረ ያስመስላል» አሉ ፈገግ ብለው። «ጆሮዬ ላይ ፕላስቲክ ሰክቼ ዱቡሻ ብቀመጥ ግን ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? ፍርዱን ከአርባ ምንጭ በስልክ እየነገሩት ነው ይሉኛል።»

ሳልወድ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ይሄኔ ልባቸው ትንሽ ስለተከፈተ የሞከሩትን ሁሉ ነገሩኝ። መጀመሪያ ጆሯቸው ውስጥ ቅቤ አቅልጠው ጨመሩ። አንድ ሰው ነጭ ሽንኩርት ጨምቀው እንዲያንጠባጥቡ መክሯቸው ሳምንት ሙሉ አቃጠላቸው። በክብሪት እንጨት ቆፈሩት። ከአሥር ዓመት በፊትም አንድ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። ባለሙያው በባትሪ አየና «ዕድሜ ነው፣ አባባ» ብሎ ሸኛቸው።

«ታዲያ ሐኪም ያለውን እርስዎ ይሽራሉ?» አሉኝ።

«የዚያን ጊዜው ሐኪም የነበረው ባትሪ ብቻ ነው። ዛሬ ጆሮ የትኛውን ድምፅ ሰምቶ የትኛውን እንደሚስት በቁጥር ይለካል። ተናግሮ መመለስ የማይችል አራስ ልጅ እንኳ እናቱ ጡት ላይ ተኝቶ ይመረመራል። ጆሮ ላይ የሚደረገው የመስሚያ መሣሪያም የድሮው ዓይነት ሁሉን ነገር አብሮ የሚያጮኽ አይደለም፤ ለየሰዉ በጎደለው ልክ ይስተካከላል።» እንዲህ እያልኩ ሩብ ሰዓት ያህል አስተማርኩ። ሳስተምር ሰዓቱን አላውቀውም። አቶ ዳምጤ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ሁሉንም አልሰማሁም፤ ግን ጥሩ ይመስላል» አሉኝ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ። «አንድ ነገር ልንገርዎ። አቶ ኤርጫፎ የነገሩዎትና እርስዎ ያልሰሙት ትልቅ ነገር አለ። እኔ አውቄዋለሁ፤ ግን አልነግርዎትም። መናገር የሚገባቸው እሳቸው ናቸው፤ እርስዎም ከሳቸው አፍ ነው መስማት ያለብዎት።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ክፉ ነገር ነው?» አሉኝ።

«ከሳቸው ይስሙት።»

ትኩር ብለው አዩኝና «እርስዎስ ጆሮዎን ተመርምረው ያውቃሉ?» አሉኝ።

«እኔማ ደህና ነኝ።»

«እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። መጀመሪያ እርስዎ ይመርመሩ፤ እኔ ቆሜ ልይ።»

በማግስቱ ሲቀላ ወዳለው የጆሮ ክሊኒክ ወረድን። እዚያ የምትሠራው ፌቨን የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ የመስማት ምርመራ ተምራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ማዳመጫ አጠለቀችልኝና ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን ነገረችኝ። በኩራት ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ስወጣ ወረቀቱን እያየች ትስቅ ነበር።

«ቲቸር፣ ቀኝዎ ደህና ነው። ግራዎ ግን ከቆየ ችግር አለበት።»

«አይሆንም» አልኩ።

«ክፍል ውስጥ በግራ በኩል የምንቀመጠውን ልጆች ‹ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ አታጉተምትሚ› ሲሉን ያስታውሳሉ? እኔ አራት ወር ሙሉ እዚያ ነበርኩ። ጮኼ ጮኼ የመለስኩትንም አልሰማሁም ብለው ነጥብ ቀንሰውብኛል።»

አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የተማሪዎቹ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። አቶ ዳምጤ ግን ደስ አላቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ያለምንም ጭቅጭቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ፌቨን መጀመሪያ መብራት ባለው ማያ ጆሯቸው ውስጥ ተመለከተች። ኩክ ደርቆ ቀዳዳውን ደፍኖታል። የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጥታ ከአምስት ቀን በኋላ በለብ ያለ ውኃ አጠበችላቸው። የወጣውን ሲያዩ «በቃ፣ ይኼው ነው ደንቃራው» ብለው ለመሄድ ተነሡ። እሷ ግን ፈገግ ብላ ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባቻቸው። ሲወጡ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችውና ጠየቀች።

«ጋሽ ዳምጤ፣ ሥራዎ ምን ነበር? ወፍጮ ወይም ሌላ ከባድ ሞተር አጠገብ ብዙ ዓመት ሠርተዋል?»

አቶ ዳምጤ ወደ እኔ ዞሩ። «ነግረዋታል?»

«አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

«ማንም አልነገረኝም። ወረቀቱ ላይ አለ» አለች ፌቨን። ወንበሯን አስጠግታ ፊት ለፊት እያየቻቸው ቀስ ብላ አስረዳች። «በዚህ በኩል ወፍራም ድምፅ ነው፤ እሱን ደህና ይሰማሉ። ወደ ቀጭኑ ድምፅ ስንሄድ ግን መስመሩ ይወርዳል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ጎድጎድ ይላል። ሁለቱም ጆሮ ላይ እንዲሁ ነው። ዕድሜም ድርሻ አለው። እንዲህ የሚጎደጉደው ግን ብዙ ጊዜ ከባድ ጩኸት ውስጥ በኖረ ሰው ላይ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ፤ ጩኸት ሲበዛባቸው ይሞታሉ። የሕፃንና የሴት ድምፅ የሚያስቸግርዎት ለዚህ ነው። ሰው ሲናገር ይሰማዎታል፤ ቃሉ ግን አይለይልዎትም።»

«ልክ ነው» አሉ አቶ ዳምጤ። «ልክ እንደዚያ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «ታዲያ… ጎሜ አይደለም?»

ይህን ያህል ዓመት የደበቁት ነገር እንዲህ ሆኖ ወጣ።

«ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ዱቡሻ ላይ ባሏ የሞተባት ሴት ስለ መሬቷ ልትናገር ተነሣች» አሉ። «ዝናብ መጥቶ ነበር፤ ቸኮልኩ። ንግግሯን አቋርጬ አስቀመጥኳት። ፍርዱም በሷ ላይ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ መደንዘዝ ጀመረ። አላዳምጥ ያለ ጆሮ ተዘጋ አልኩ። ይኼን ለማን እናገራለሁ? እንዴትስ ዳግም ሐኪም ቤት እሄዳለሁ? ጎሜን ሐኪም አያነሣውም።»

ፌቨን አልተከራከረቻቸውም፤ ጥያቄ ነው የጠየቀቻቸው። «ጋሽ ዳምጤ፣ አብረዎት ወፍጮ ቤት የሠሩት ሰዎችስ ይሰማሉ?»

አሰቡ። «እህል የሚያፈሰው አሞጽ ሲያወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ለካ እንዲያ የሚጮኸው… አይሰማም መሰለኝ። ታች ያለው ባለወፍጮም ሚስቱ ትከሻውን ሳትነካው አይዞርም።»

«እነሱም ያቺን ሴት አቋርጠዋታል?»

«የለም» አሉ አቶ ዳምጤ። «እኔ ብቻ ነኝ።» ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። አሥራ አራት ዓመት ተሸክመውት የኖሩት ነገር ከላያቸው ሲወርድ ፊታቸው ላይ አየሁት፤ እኔም ደስ አለኝ።

«ሴትዮዋን ይቅርታ ቢጠይቁ መልካም ነው» አልኳቸው። «ግን ስለበደሏት ይሁን እንጂ ስለ ጆሮዎ አይሁን።» በኋላ ብቻቸውን ሄደው ጠይቀዋታል። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

«ጆሮ ውስጥ የሞተው አይመለስም» አለች ፌቨን በግልጽ። «መሣሪያው የቀረውን ያግዛል እንጂ እንደ ልጅነትዎ አያደርግዎትም። ቢሆንም ብዙ ይሰማሉ።»

«ጋሞኛ ያውቃል?» አሉ አቶ ዳምጤ።

«ድምፅ እንጂ ቋንቋ አይመርጥም።»

የጆሯቸው ቀዳዳ ልክ ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከና በሁለት ሳምንት መሣሪያው መጣ። ፌቨን ከኮምፒውተር ጋር አያይዛ ለሳቸው አስተካከለችው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም። የወረቀት ኮሽታ፣ የገዛ ጫማቸው ድምፅ፣ የሳህን ቅጭልጭልታ አስመረራቸው፤ አንድ ቀንም አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «አንጎልዎ እነዚህን ድምፆች ረስቷቸዋል፤ እስኪለምድ ቀን በቀን ጥቂት ሰዓት ያድርጉት» አለቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ አብረን ሳለን «ወራጅ አለ» ብለው በራቸው ላይ ወረዱ። ስለ ስፖርቱ አላነሣሁባቸውም።

የዱቡሻው ቀን ደረሰ። ፌቨን በዋዜማው ማታ ደውላ መከረቻቸው። መሃል አካባቢ እንዲቀመጡ፣ የሚናገረው ሰው ወደሳቸው እንዲዞር፣ አንድ በአንድ እንዲናገሩም እንዲጠይቁ ነገረቻቸው። «ዱቡሻ ላይ ሰው ተራ ጠብቆ ነው የሚናገረው» አሏት። «ከእናንተ ሐኪም ቤት ይልቅ ለጆሮ የሚመቸው እሱ ነው።»

ገረሴ አብሬአቸው ሄድኩ። ከትልቁ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል፤ አቶ ኤርጫፎ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አቶ ዳምጤ እርጥብ ሳር ይዘው ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከሁለቱም ጆሯቸው ኋላ መሣሪያው ታየ። ጋሞኛዬ የጡረተኛ አስተማሪ ጋሞኛ ቢሆንም ያሉትን ተከትያለሁ።

«በደልህን ተናገር ብላችሁኛል» አሉ። «የበደለኝ የለም። የበደልኳችሁ እኔ ነኝ። አልሰማም ነበር፤ አልሰማም ለማለትም አፈርኩ። ስትጠሩኝ ያልዞርኩት ስላልሰማሁ ነው። ስትመርቁ ያልተቀበልኩት ስላልሰማሁ ነው። ያልሰማሁትን እንደሰማ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ውሸት ነው። ጆሮዬን የወሰደው ጎሜ መስሎኝ ደበቅኩት። የወሰደው ወፍጮው ነው፤ በወረቀት ላይ አይቼዋለሁ። ይኼ ጆሮዬ ላይ ያለው ስልክ አይደለም፤ ፍርድ የሚነግረኝም የለበትም፤ እንደ መነጽር ነው። ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ስትዘፍን ሰማኋት። ስትዘፍን እንደምትውል አላውቅም ነበር። እንግዲህ ወፍጮ ቤት የምትሠሩ ጆሯችሁን ሸፍናችሁ ሥሩ። ልጁ ሲጠራ የማይዞርለት ሰው ልጄ አመለኛ ነው ብሎ አይምታው፤ ያስመርምረው። ጆሮ ውስጥ ቅቤም ሽንኩርትም አትጨምሩ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። ከዳር አሞጽ «ምን አለ?» ብሎ ጮኸና ሰዉ ደግሞ ሳቀ። አሞጽ በሚቀጥለው ሳምንት ከሌሎች አምስት ባለወፍጮዎች ጋር ፌቨን ዘንድ ወርዷል። እኔም ግራ ጆሮዬን ለማሳከም ቀጠሮዬን እየጠበቅሁ ነው።

ሳቁ ሲበርድ አቶ ኤርጫፎ ተነሡ። ሳሩን ከአቶ ዳምጤ እጅ ተቀብለው ከአጠገባቸው አስቀመጧቸው። አቶ ዳምጤ የካሱን መርዶም እንዳልሰሙ ሽማግሌዎቹ ገባቸውና ሁሉም ዝም አሉ። መርዶ ተጮኾ አይነገርም። አቶ ኤርጫፎ ወደ ጓደኛቸው ጠጋ ብለው፣ ዝቅ ባለው በተለመደው ድምፃቸው፣ «ዳምጤ፣ ወንድማችን ካሱ ዐርፏል» አሏቸው።

አቶ ዳምጤ አሁን ራሳቸውን አልነቀነቁም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ጥቂት ቆይተው መቼ ነው አሉ፤ ታሞ ነበር ወይ፣ ማን አጠገቡ ነበር፣ ስለ እኔ ምን አለ ብለው ጠየቁ። አቶ ኤርጫፎ እጃቸውን እንደያዙ ሁሉንም መለሱላቸው። አንዱንም ደግመው መናገር አላስፈለጋቸውም።